ቀቅዬ ነው የሰጠኋት

አባ ቧንቧ እየተባሉ የሚጠሩት አዛውንት ጉልበታቸውን የጨረሱት በከተማ አውቶቡስ ውስጥ ቆመው ትኬት ሲቆርጡ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ጡረታ በወጡ ማግስት ሥራዬ ብለው የያዙት ሰፈሩ ውስጥ ውሃ ማስገባት ነበርና። ያኔ ውሃ የሚመጣው ከድልድዩ ማዶ ካለው ምንጭ በጀሪካን ተቀድቶ፣ ሽቅብ በጀርባ ተጭኖ ነበር። እሳቸው የውሃ መሥሪያ ቤቱን ደጅ ጠኑ። ጸሐፊዋ ስትሰለቻቸው ኮሪደር ላይ፣ ዘበኛው ሲሰለቻቸው አጥር ሥር ቆሙ። «ሥራዬ መቆም ነው፤ ዕድሜ ልኬን ቆሜያለሁ» ይሉ ነበር። ከስንት ምልልስ በኋላ ከሰፈሩ በላይ፣ ከዶሮ እርባታው አጥር አጠገብ ባለው ሜዳ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ፓምፕ ተተከለ፤ ቧንቧ በየግቢው ገባ።

ውሃው የመጣ ቀን ሰፈሩ ባልዲና ድስት ይዞ ወጣ። አባ ቧንቧ ጉሮሯቸውን ጠርገው በአውቶቡሱ ድምፃቸው «ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ! ለሁሉም ይደርሳል!» ብለው ሲጮኹ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ውሃው ኩልል ያለ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ጣዕሙም ከምንጩ ይበልጣል ተባለ። ሰፈሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርጎ መረጣቸውና የዋናውን መዝጊያ ቁልፍ አስረከባቸው።

ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከአንድ ልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ነው። ልጃቸው የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ የሚያድርበት ጊዜ ይበዛል። ምራታቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን በረንዳው ላይ ዘርግታ ትውላለች። ብዙ አትናገርም፤ ስትናገር ግን ታስቃለች። «እስቲ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ጠበብ አድርጊልኝ» ያለቻትን ደንበኛ «ቀሚሷንስ ላጥብባት፤ አንቺን ማን ያጠብብልኛል?» ብላት ሰፈሩ ሲስቅበት ከርሟል። ባልና ሚስቱ ተጋብተው ልጅ ሳይወልዱ ብዙ ቆዩ። ሰውም መጠየቁን ትቶ፣ እነሱም ተስፋ ማድረጉን ትተው ሳለ አረገዘች። ሴት ልጅ ወለደች። የወጣላት ስም ሌላ ቢሆንም አያትየው ገና ሲያዩዋት «ሚጢ» አሏት፤ በዚያው ሚጢ ሆና ቀረች።

ሚጢ እንደተወለደች የእናትየው ጡት አበጠ፤ መግል ቋጠረ፤ ተቀደደ፤ በመድኃኒት ብዛት ወተቱ ደረቀ። የሚቀረው የዱቄት ወተት ነበር። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ውሃውን አፍልታ እንድትበጠብጠው፣ ጡጦውንም ቀቅላ እንድታጥብ አጥብቃ ነገረቻት። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ የተነገራትን ነገር በስፌት ልክ የምትይዝ ሰው ናት። ውሃው ፍል ሲል አታወርደውም፤ ይንተክተክ ብላ ትተወዋለች። ማሰሮው ግማሽ ሲደርስ ታወርዳለች፤ ታቀዘቅዛለች፤ ትበጠብጣለች። አባ ቧንቧ አጠገቧ ቁጭ ብለው ያያሉ።

«የአያቷን ውሃ ነው የምትጠጣው» ይሉ ነበር። «ሌላው ልጅ የአያቱን ርስት ይወርሳል፤ የኔ ልጅ ቧንቧ ትወርሳለች።»

ልጅቷ ወፈረች። አንገቷ በሥጋ ተዋጠ። ከዚያ አንድ ቀን ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪዋ ትኩስ ዳቦ ይዛ ስትገባ፣ ሕፃኗን ከአልጋው ላይ አነሳቻትና ወደ መስኮቱ ወሰደቻት።

«አንቺ፣ የልጅቷ ከንፈር ምን ሆኗል? አመድ መሰለ'ኮ።»

«በርዷት ይሆናል፣ እትዬ» አለች እናትየው።

«ምን ብርድ አለ? ይኸው እኔ ከምድጃ ወጥቼ ላቤ ይንጠባጠባል።»

ብርድ አልነበረም። በማግስቱ ጣቶቿም ጠቆሩ፤ ጡጦውን አልይዝ አለች፤ ትንፋሿ እንደ ሯጭ ትንፋሽ ተቆራረጠ። ሹፌሩ መንገድ ላይ ነበር። አያትና እናት ታክሲ ይዘው ሆስፒታል ደረሱ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ በእንቅልፍ ማጣት ዓይኗ ደም ለብሷል። ኦክስጅን አደረገችላት፤ አልቀላችም። ልቧን መረመረች፤ ቀዳዳ የለውም። ሳንባዋን አዳመጠች፤ ጥርት ያለ ነው። ለማንኛውም ብላ የሳንባ ምች መድኃኒት ጀመረችላትና አስተኛቻት። እዚያ ወተቱን የሚበጠብጡላት የሆስፒታሉ ነርሶች ነበሩ፤ በሆስፒታሉ ውሃ። ሚጢ ቀን በቀን እየቀላች መጣች። እግሯን መወራጨት ጀመረች፤ ለአያቷም ፈገግ አለች።

ሐኪሟ ስታስወጣቸው ፊቷ ላይ ደስታ አልነበረም። «ድናለች። ግን የሳንባ ምች መሆኑን ልቤ አልተቀበለውም» አለቻቸው። «ቅንጣት ታህል ነገር ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት።»

ቤት ሲገቡ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። እናትየው ግን ፍርሃት ገብቷት ነበር። በሽታ የሚያመጣው ጀርም መሆኑን ታውቃለች፤ ጀርም የሚገድለው እሳት መሆኑንም ታውቃለች። ስለዚህ ውሃውን ከበፊቱ አብዝታ አፈላችው። ማሰሮው ሥር ጥቂት እስኪቀር ድረስ ታፈላዋለች፤ በዚያች በቀረችው ትበጠብጥላታለች። ስፌቱን ተወችው። «የሰው ልብስ ይቆይ» አለች፤ ቀኑን ሙሉ እሳት ሥር ተቀመጠች።

ሳምንት ሳይሞላ ሚጢ ተመልሳ ጠቆረች።

ይሄኔ ሹፌሩ ቤት ነበር። ገና ጎህ ሲቀድ የጭነት መኪናውን አስነስቶ ሦስቱም ጋቢና ውስጥ ተጨናንቀው ተቀመጡ። ሕፃኗ በእናቷ ጭን ላይ አመድ መስላ ዓይኗን እንኳ አትገልጥም። ሐኪሟ ከሩቅ ስታያት ሮጣ ተቀበለቻቸው፤ ደሟን ለምርመራ ቀዳች። ደሙ ቀይ አልነበረም፤ የቸኮሌት መልክ ነበረው። ሐኪሟ አንዲት ጠብታ ነጭ ፋሻ ላይ ጠብ አደረገች፤ የሹፌሩን ጣት ወግታ የእሱንም ከልጅቷ ጠብታ ጎን አደረገች። የአባትየው ቀላ። የልጅቷ ቡናማ እንደሆነ ቀረ።

ሐኪሟ ቀና ብላ «ወተቷን በምን ውሃ ነው የምትበጠብጪላት?» አለች።

«በቧንቧ ውሃ» አለች እናትየው። «ግን ጥሬውን አይደለም። ቀቅዬ ነው የሰጠኋት። በጣም ነው የምቀቅለው።»

ሐኪሟ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ሮጠች። ለዚህ የሚሆን አንድ መድኃኒት አለ፤ ቀለሙ ሰማያዊ ነው፤ በደም ሥር ይሰጣል። በዚያ ሆስፒታል አልነበረም። ስልክ ተደወለ፤ ሌላ ከተማ ተገኘ፤ ሹፌሩ መኪናውን አስነስቶ ከነፈ። ነዳ የሚባለውን ያህል ነዳ። መድኃኒቱን ታቅፎ ሲመለስ አባቱ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆመው ነበር። አባቱ እጃቸውን ዘርግተው መድኃኒቱን ተቀበሉት፤ ይዘው ወደ ውስጥ ግን አልገቡም። ልጁም ከመኪናው አልወረደም፤ መሪው ላይ ተደፋ።

ከዚያ በፊት፣ ሕፃኗ ገና ትንፋሽ ሳላት፣ ሐኪሟ አዛውንቱን ወደ ኮሪደሩ ጠርታ ነግራቸው ነበር። ከማዳበሪያ፣ ከእንስሳ ፍግ፣ ከሽንት ቤት ጉድጓድ ወደ መሬት የሚሰርግ ናይትሬት የሚባል ነገር አለ። አይታይም፣ አይሸትም። ትልቅ ሰው ቢጠጣው ብዙም አይታወቀውም። ስድስት ወር ያልሞላቸው ሕፃናት ደም ውስጥ ሲገባ ግን ደሙ አየር መሸከም ያቅተዋል።

«ታዲያ መቀቀሉስ?» አሉ አባ ቧንቧ።

ሐኪሟ መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች። «ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ አባባ። ይሄ ግን ጀርም አይደለም። ውሃው እየተነነ ሲሄድ እሱ እዚያው ይቀራል፤ ይወፍራል። ባፈላችው ቁጥር…» አልጨረሰችውም። «ለእናትየው እንዴት እንደምነግራት አላውቅም።»

«አትንገሪያት» አሉ። «እኔም አልነግራትም።»

ሚጢ ተቀበረች። ለቅሶ ደራሹ መጣ፣ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ አላለቀሰችም፤ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ሹፌሩ ግን ሐዘኑ ወደ ቁጣ ዞረበት። ውሃ ነው የገደላት መባሉን ሰምቷል፤ ውሃ ደግሞ የሚገድለው ሳይፈላ ሲቀር ነው ብሎ ነው የሚያውቀው። አንድ ቀን ጠዋት ሦስቱም ቁርስ ቀርቦ ሳይነኩት ተቀምጠው ሳለ ድንገት ተነሳ።

«እውነቱን ንገሪኝ» አላት። «ሥራ በዝቶብሽ ሳታፈዪው የሰጠሻት ቀን የለም?»

«ቀቅዬ ነው የሰጠኋት።»

«ስፌት ላይ ስታፈጥጪ፣ ደንበኛ ሲያጣድፍሽ፣ አንድ ቀን እንኳ?»

«ቀቅዬ ነው የሰጠኋት አልኩህ!»

«ታዲያ እንዴት ሞተች? በደንብ ቢፈላ ኖሮ እንዴት ትሞታለች?»

አባ ቧንቧ መሀል ሆነው ሁለቱንም አዩ። ዝም ካሉ ምራታቸው ባልሠራችው ጥፋት ዕድሜ ልኳን ልትከሰስ ነው። ከተናገሩ ደግሞ የሠራችውን ታውቃለች። ድስቱንም ክዳኑንም የያዘ ሰው እጁ መቃጠሉ አይቀርም።

«ተቀመጥ» አሉ ልጃቸውን። «እሷ ያላፈላችበት ቀን የለም። አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ። ውሃው ባይፈላ ይሻል ነበር።»

«ምን ማለት ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሐኪሟ የነገረቻቸውን እንዳለ ነገሯት። አንድም ቃል አላስቀሩም። ሲጨርሱ ሹፌሩ ሚስቱን ለማየት አልደፈረም፤ የመኪናውን ቁልፍ አነሳና ወጣ። እሷ እጆቿን ገልብጣ መዳፏን አየች፤ እንደገና ገልብጣ ጀርባቸውን አየች።

«አባባ፣ ሌሎቹስ?»

«የትኞቹ ሌሎች?»

«ጡጦ የያዙት። በኛ ቧንቧ የሚጠጡት።»

በዚያው ዕለት ሁለቱ ተያይዘው ውሃ መሥሪያ ቤት ሄዱ። ኃላፊው ሐዘናቸውን በትሕትና ተካፈለ፤ ወንበር ሰጣቸው። ከዚያ ውሃው በየጊዜው እንደሚመረመር፣ አንድም ጀርም እንዳልተገኘበት አስረዳ።

«ጀርም አላልንም» አሉ አባ ቧንቧ። «ናይትሬቱ ተለክቷል ወይ?»

«እሱን የሚለካ መሣሪያ የለንም።»

«ስለዚህ አታውቁም።»

«አባት፣ ዝም ብሎ ሕዝብ ማሸበር ጥሩ አይደለም። ይህን ውሃ ያመጡት እኮ እርስዎ ነዎት።»

ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ከደረታቸው ገባች። ሐኪሟ ግን ከቧንቧው በጠርሙስ ያስቀዳችውን ውሃ ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ልካ ኖሮ ከቀናት በኋላ ደወለችላቸው። ለሕፃን ከሚፈቀደው ልክ እጅግ ያለፈ ነበር። ኃላፊው ይህም ሲነገረው ጉዳዩን ለበላይ እንደሚያቀርብ ቃል ገባ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

አባ ቧንቧ ሰፈሩን ሰበሰቡ። ዳቦ ጋጋሪዋ ግቢዋን ለቀቀችላቸው። የሆነውን ሁሉ ተናገሩና መፍትሔ እስኪገኝ ዋናው መዝጊያ ይዘጋ አሉ። ግቢው ተንጫጫ። በሰፈሩ መግቢያ ሱቅ ያለው ፀጉር አስተካካይ እጁን አወጣ። ገና አራስ ሚስት ያለው ሰው ነው፤ ጨዋታ አዋቂም ነው።

«ጋሼ፣ ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው። ግን ይሄን ውሃ ስንጠጣው ከርመን እኛ ምን ሆንን? ቀንድ አበቀልን?» ጥቂት ሰዎች ሳቁ። «ልጅ በስንት ነገር ይሞታል። እርስዎ አመጡልን፤ አሁን እርስዎ ሊነጥቁን ነው? ሴቶቻችን ተመልሰው ጀርባቸው ይላጥ?»

ልብስ ሰፊዋ ተነሳች።

«በእጄ ነው ያጠጣኋት» አለች። «እንዳይጎዳት ብዬ አፈላሁት። ባፈላሁት መጠን ገደልኳት። እናንተ ቀንድ አላበቀላችሁም፤ ውሃው የሚፈልገው ትንንሾቹን ነው።» ተቀመጠች።

ሴቶች አለቀሱ። ድምፅ ሲሰጥ ግን የበዛው እጅ ውሃው ይቀጥል ያለው ነበር፤ ካለቀሱትም መካከል። ዳቦ ጋጋሪዋ እጇን ለአንዱም አላወጣችም። «ውሃው ከተዘጋ ምድጃዬ ተዘጋ፣ ጋሼ፤ ይማሩኝ» አለቻቸው በኋላ።

አባ ቧንቧ በማግስቱ ጠዋት ሜዳው ላይ ወጡና መዝጊያውን ዘግተው ቆለፉት። ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው ፓምፑ ቤት በር ላይ ተቀመጡ። እኩለ ቀን ሳይሆን ሰው ሞላ። መጀመሪያ ለመኗቸው፣ ከዚያ ተቆጧቸው፣ ከዚያ ገፏቸው። ድንጋይ ላይ ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ቁልፉን በመዶሻ የሰበረው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ከሰበሩት በኋላ እሳቸውን ደግፈው ወደ ጤና ጣቢያ የወሰዷቸው እነዚያው ነበሩ። በቀጣዩ ስብሰባ ከሰብሳቢነታቸው ተነሱ።

ከዚያ ወዲያ የቀራቸው እግር ብቻ ነው። አዛውንቱ እጃቸው በጀሶ ታስሮ፣ ምራታቸው ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ እየገፋች፣ ከድልድዩ ማዶ ካለው ከጥንቱ ምንጭ ውሃ ማመላለስ ጀመሩ። የምንጩን ውሃ ሐኪሟ አስመርምራው ነበር፤ ጀርም ስላለበት ይፈላል፣ ናይትሬት ግን የለበትም። ጡጦ የሚጠባ ሕፃን ያለበትን ቤት በር እያንኳኩ ያስረዳሉ፤ ጀሪካን ያስቀምጣሉ። አንዳንዱ መርቆ ይቀበላል። አንዳንዱ ፊታቸው ላይ በሩን ይዘጋል። ልጅ የሞተባት ሴት አራስ ቤት መግባቷ ገድ የለውም ያለ አለ። ፀጉር አስተካካዩ «የኔ ልጅ ጡት ነው የሚጠባው፣ አያስፈልገንም» ብሎ ከደጁ መለሳቸው። እውነቱን ነበር፤ ልጁ ጡት ይጠባ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ግን ሚስቱ በጠና ታመመችና ሕፃኑን ለጡጦ አስረከቡት። ይህን ለአባ ቧንቧና ለምራታቸው ማንም አልነገራቸውም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ጋሪዋን በሱቁ በኩል ስትገፋ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ራሱን ላጭቶ ትቶት፣ መቀሱን እንደያዘ መንገድ መሀል ቆሞ አየችው። እጁን ወደ ቤቱ ጠቆመ። ገባች። አልጋው ላይ ያለውን ሕፃን ገና ከበሩ ስታየው ቀለሙን አወቀችው። ማንንም አላስፈቀደችም፤ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው ወጣች። አባትየው ከኋላዋ ይሮጣል። መንገድ ላይ አንድ ታክሲ ፊት ለፊት ቆማ አስቆመች።

ሐኪሟ አሁን መድኃኒቱን አስመጥታ መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋ ታኖረው ነበር። ደሙን አየች፤ የመድኃኒቱን ብልቃጥ አንገት ሰብራ ከፈተች፤ ሰማያዊውን መድኃኒት በቀጭኗ የደም ሥሩ ቀስ እያደረገች አስገባችው። ልብስ ሰፊዋ ከአልጋው ራስጌ አልተንቀሳቀሰችም። ብዙም ሳይቆይ ከንፈሩ ላይ የነበረው አመድ ሳሳ። ጆሮው ቀላ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ሮዝ ሆኑ። ከዚያ አፉን ከፍቶ ክፍሉን በጩኸት አናጋው። አባትየው ወለሉ ላይ ተንበርክኮ እግሯን ሊስም ሲል እግሯን ሰብስባ ወጣች።

አባ ቧንቧ ወሬውን ሰምተው ሲደርሱ ኮሪደሩ ጥግ ላይ፣ ሚጢን ይዛ ተቀምጣበት ከነበረው አግዳሚ ወንበር አጠገብ፣ መሬት ተቀምጣ አገኟት። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ታለቅስ ነበር፤ አለቃቀሷ አንጀት ይበጥሳል። በደህናው እጃቸው ግድግዳውን ይዘው አጠገቧ ዝቅ አሉ።

«ተረፈ አሉኝ» አሉ።

«ተረፈ፣ አባባ። ሲቀላ አየሁት። እንደዚህ በአፍታ ነው'ኮ የሚቀላው።» በመዳፏ ፊቷን ጠረገች። «ደስ አላለኝም። ተናደድኩ። የኔዋ ለምን አሰኘኝ። በሕፃን ልጅ እንዴት እናደዳለሁ?»

«እኔም ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስመጣ ያንኑ እያልኩ ነው የመጣሁት» አሉ አዛውንቱ። «ይዘሽው ሮጠሻል። ሌላው ይቆየን።»

ፀጉር አስተካካዩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁን እየዘጋ ከአባ ቧንቧ ጋር የውሃ መሥሪያ ቤቱን ደጅ መጥናት ያዘ። ሁለት ሰው ስለቆመ ይሁን፣ ሐኪሟ በላይ በላዩ ስለጮኸች አይታወቅም፣ ሕፃን ላላቸው ቤቶች ውሃ የሚያድል ቦቴ መኪና መምጣት ጀመረ። አንዳንድ ሳምንት ይመጣል፤ አንዳንድ ሳምንት ጎማው ፈነዳ፣ ሹፌሩ ታመመ ይባላል። ያኔ ጋሪው ይወጣል። አዲስ ጉድጓድ ይቆፈራል ተብሏል፤ የት እንደሆነ ግን አልተወሰነም። የዶሮ እርባታው ከጉድጓዱ አጠገብ ዶሮዎቹን ያረባል፤ ፍጉን ይከምራል። ቧንቧው በየግቢው ኩልል ብሎ ይወርዳል፤ ሰፈሩ ይታጠብበታል፣ ይጠጣዋል።

ሹፌሩ ረጅም ረጅሙን መንገድ እየመረጠ ይጭናል። ቤት ሲመጣ ሚስቱን ከጎን ሆኖ ያያታል፤ ይቅርታ ሊላት ይጀምርና ስለ መኪናው ዘይት ያወራል። እሷም ትሰማዋለች። ስፌቱን ከጀመረች ሰንብታለች፤ ደንበኞቿም ተመልሰዋል። ቀልዷን ግን እስካሁን የሰማ የለም።